በረዶ፣ ቡችላ እና «ደህና ነኝ»

በአማርኛ የተጻፉ የስደት ግጥሞችን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በረዶ በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ዘወትር ይወርዳል፤ ግን ማንንም አያርስም። አንዱ ጋ ብቸኝነት ነው፣ ሌላው ጋ የባዕድ ሰው ልብ ነው፣ ሦስተኛው ጋ ናፍቆት ነው። በረዶ ራሱ በረዶ ሆኖ፣ ጫማ ውስጥ ገብቶ ካልሲ ሲያበሰብስ ያነበብሁበት ግጥም ጥቂት ነው። ይህን የምለው በሌሎች ለመፍረድ አይደለም። የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እኔው ነኝ፤ ማስረጃውም የራሴ ደብተር ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ተቀምጬ ስምንት ዓመት የሰው ብር ስቆጥር ኖሬአለሁ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2021 መሆኑ ነው) ወደ ሚኒያፖሊስ መጣሁ። ሥራዬ ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው የገንዘቡ ስምና የሰላምታው ቋንቋ ብቻ ነው። ግጥም የምጽፈውም እንደ ድሮው በተበላሹ የገቢ ደረሰኞች ጀርባ ላይ ነው።

ይህችን ከተማ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገረው። በሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ሕንፃዎቹ ከመንገዱ በላይ፣ በሁለተኛ ፎቅ ከፍታ፣ በመስታወት በተሸፈኑ ድልድዮች የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ድልድይ የተሠራው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ የመረቡ ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ሰው ሥራ ገብቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ መድኃኒት ገዝቶ፣ ካፖርቱን ሳይለብስ ይመለሳል። እኔም ከባቡር ወርጄ ወደ ሕንፃው እስክገባ ሁለት ደቂቃ ያህል ካልሆነ በቀር ብርዱ አያገኘኝም ነበር። አንድ ክረምት ተኩል እንዲህ አለፈ። በረዶን በመስታወት አየሁት እንጂ አልነካሁትም። በዚያው አንድ ክረምት ተኩል ውስጥ ስለ በረዶ አሥራ አንድ ግጥም ጻፍሁ።

አሥራ አንዱንም በቅርቡ መልሼ አነበብኋቸው። እናቴን የጻፍሁላት ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ ብታነባቸው ልጇ የት እንዳለች፣ ምን እንደምትበላ፣ ማንን እንደምታገኝ አንድም ነገር አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምናወራውም ከግጥሞቹ አይሻልም ነበር። «እንዴት ነሽ ልጄ?» «ደህና ነኝ እማዬ።» «ብርዱስ?» «ለመድሁት።» «ሥራስ?» «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ ዝም እንባባላለን። ዝምታው በየሳምንቱ እየረዘመ ሄደ። «ደህና ነኝ» ከአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ምንም የማይናገረው መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ በር ከፍቶ ሳይሆን በር ዘግቶ የሚመልስ መልስ ነው።

ቡችላው የመጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ውሻ ስድስት ወልዳ አምስቱ ሰው አግኝተው አንዱ ቀርቶ ነበር። ልየው ብዬ ሄድሁ፤ ይዤው ተመለስሁ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሲተኛ ቅርጽ የለውም። እናቴ ጥጡን በደጋን ነድፋ፣ ለመፍተል አዘጋጅታ ሰፌድ ላይ የምታኖረውን ትዝ አሰኘኝና ስሙን «ባዘቶ» አልሁት።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የመስታወቱ ድልድይ ተቋረጠ። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት መነሣት ግድ ሆነ፤ መነሣት ብቻ ሳይሆን መልበስ፣ ቦት ጫማ ማሰር፣ ሦስት ፎቅ መውረድና በረዶው ውስጥ ቆሞ መጠበቅ። ያ ክረምት ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም። በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. መካከል በሚኒያፖሊስ የወረደው በረዶ ተደማምሮ ከ2 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር፤ በከተማይቱ የአየር መዝገብ ሦስተኛው ከፍተኛ ነው። እኔ በየሌሊቱ ከዚህ የድርሻዬን ረገጥሁ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይመጣል። እኛ በረዶ የምንለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ገበሬው ሰብሉን ሲያወድምበት የሚያለቅስበት ከሰማይ የሚወርድ ጠጠር በረዶ ነው፤ ከማቀዝቀዣ የምናወጣው በረዶ ነው፤ ይህ እንደ ላባ የሚንሳፈፈውም በረዶ ነው። ዳዊት በደገምን ቁጥር በምዕራፍ 50 ከበረዶ የበለጠ ንጣትን ስንለምን ኖረናል፤ በስሜን ተራሮች አናት አልፎ አልፎ ከሚታየው በቀር አብዛኞቻችን የለመንነውን ሳናየው። «ክረምት» የሚለው ቃልም እዚህ እግሩ ይሰበራል። በእኛ ዘንድ ክረምት ዝናብና ጭቃ፣ ቆሎና ምድጃ ነው፤ ኅዳር ግን ብራ ነው፣ የአጨዳ ወር ነው። እዚህ ኅዳርን ክረምት ብዬ በጠራሁ ቁጥር ምላሴ ላይ አንድ ነገር ይጎረብጠኛል።

ያም ሆኖ ቋንቋችን ድሃ ነው የምል አይደለሁም፤ ያላወጣነው ሀብት አለው። ጣቶቼ የውሻውን ገመድ መቋጠር ሲያቅታቸው «ቆፈን» የሚለው ቃል ከአያቴ አፍ ወጥቶ መጣልኝ። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያደረው «አመዳይ» ነው። ዛፉን የሸፈነው «ውርጭ» ነው። አጥንት የሚዘልቀው «ቁር» ነው። እነዚህን ቃላት በመጽሐፍ አውቃቸው ነበር፤ በእጄና በእግሬ ያወቅኋቸው ግን ቡችላ ስከተል ነው። ብርዱ እጅግ ሲበረታ በረዶው ከእግር በታች እንደ አዲስ ቆዳ ጫማ ይንቋቋል፤ ብርዱ ሲለዝብ ድምፁ ይጠፋል። አሁን ከአልጋዬ ሳልነሣ የሰው ኮቴ ሰምቼ የውጭውን ብርድ መገመት እችላለሁ። ይህ በአሥራ አንዱ ግጥሞቼ ውስጥ የለም።

ሰውም አገኘሁ። ማዶ ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ አሉ። በዚህ ከተማ ሕግ ባለቤት በደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ አለበትና በማለዳ አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ስሜን ሳይጠይቁኝ የውሻውን ስም ጠየቁኝ። «ባዜቶ» ይሉታል፤ «ዘ» አልሆነላቸውም። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ጥጥን፣ ደጋንን፣ እንዝርትን፣ የእናቴን እጅ ማስረዳት ነበረብኝ። በእንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። በረዶው ላይ ቆመን ሩብ ሰዓት አወራን። ሐይቅ ላይ ለመራመድ አዲስና ጥርት ያለው በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መወፈር እንዳለበት የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። በጥር ብዴ ማካ ስካ የሚባለው ሐይቅ ላይ ከባዘቶ ጋር ወጣሁ። ሰው ድንኳን ተክሎ፣ በረዶውን ቀዶ ዓሣ ያጠምዳል። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ እርሱ ግን ይሮጣል። ከእኔ ይልቅ የሚያምን ፍጥረት ተከትዬ ውሃ ላይ ተራመድሁ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው። አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

አንዲት የቅርብ ወዳጄ ለቡና መጥታ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ በሶፋው ጠርዝ ተቀመጠች። አልፈርድባትም። እኛ ባደግንበት ሰፈር ውሻ ከበር ውጪ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም በሀገራችን ሕፃናትን የሚገድል እውነተኛ በሽታ ነው፣ ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቢሆንም ልቧ ራራና ከዶሮ ወጡ አንድ አጥንት አንሥታ ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። «አትስጪው!» ብዬ ጮኽሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊበሳ ይችላል። ይህን ለመናገር ግን ጊዜ አላገኘሁም። ፊቷ ተለወጠ። «ለውሻ እንኳ ከገበታሽ የምትሳሺ ሆንሽ?» አለች። ቀጥላም ዝግ ብላ፣ «በወር ስንት ያስወጣሻል?» ስትል ጠየቀች። ዘጠና ዶላር ያህል አልኋት። ሁለታችንም ያን ገንዘብ ወደ ብር መነዘርነው፤ ሁለታችንም የማን የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚሆን አሰብን።

ለዚህ ጥያቄ የሚያምር መልስ የለኝም። ወደ ቤት ከምልከው አንድ ሳንቲም አልቀነስሁም፤ እውነት ነው። መጨመር ግን እችል ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ገንዘብ ቆጣሪ ነኝና ሒሳቡን በግምት አላልፈውም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ከመጣሁ ጀምሮ ራሴን እንደ ቧንቧ ነበር የማየው፤ በአንድ ጫፍ የሚገባ፣ በሌላ ጫፍ የሚወጣ። ቧንቧ ደግሞ የሚያወራው ነገር የለውም፤ «ደህና ነኝ» ይላል እንጂ። ለቤተሰቡ የሚተርፍ ሰው መጀመሪያ የሆነ ቦታ የሚኖር ሰው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ወዳጄ ይህን አልተቀበለችኝም። ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተን ተለያየን፤ አሁንም ትመጣለች፣ አሁንም ነጠላዋን ትሰበስባለች።

«ፈረንጅ ሆነሽ» የሚሉኝም አሉ። ለእነርሱ የማስታውሳቸው ቢኖር የንጉሠ ነገሥቱ ሉሉ በቤተ መንግሥት ምንጣፍ ላይ ትመላለስ እንደ ነበር ነው። ከዚህ ይልቅ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ለመንገድ የሚበተነው ጨው የውሻ መዳፍ ያቆስላልና ከውጭ በተመለስን ቁጥር የባዘቶን እግር ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ። ጎንበስ ባልሁ ቁጥር አያቴ የመንገደኛ እንግዳ እግር ስታጥብ ትታየኛለች። ከማን እንደ ተማርሁት አውቃለሁ፤ ከፈረንጅ አይደለም።

እናቴስ? መጀመሪያ የነገርኋት ቀን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እንግዲህ ወልደሽ በምታሳድጊበት ዕድሜ ውሻ ታሳድጊያለሽ?» አለችኝ። ቃሉ ወጋኝ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስትደውል ግን «እንዴት ነሽ?» ብላ አልጀመረችም። «ሌሊት አስነሣሽ?» አለች። እኔም ነገርኋት፤ ስለ ቆፈኑ፣ ስለ ሽማግሌው አካፋ፣ በውሃ ላይ ስለ መራመዴ። «ውሃው ላይ?» አለችና አማተበች፤ በስልክ ሰማኋት። አርባ ደቂቃ አወራን። ስለ ልጅ መውለድ አሁንም ታነሣለች፤ እኔም አሁንም ርእስ እለውጣለሁ። ነገር ግን ስንነጋገር የምንነጋገረው ነገር አለን።

እኛ በውጭ ሆነን በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ናፍቆትን ለመጠበቅ ስንል የቆምንበትን መሬት ላለማየት የተስማማን ይመስለኛል። ያየነው እንደ ሆነ ሀገራችንን የከዳን ይመስለናል። እኔ ግን የደረስሁበት ከዚህ ይለያል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ለስድብ ስንጠቀምበት ኖረናል፤ እስቲ አንድ ጊዜ እንደ ምክር እንስማው። የበላንበትን ቦታ ስሙን እንጥራ፤ በረዶውን ከመስታወት ውጪ ወጥተን እንርገጠው፤ ቃሎቻችንም ከእኛ ጋር ወጥተው ይብረዳቸው። ያደገ ቋንቋ እንደዚያ ነው የሚያድግ። ሀገር ቤት ያለው አንባቢም ከእኛ የሚፈልገው ለቅሷችንን ብቻ አይመስለኝም፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ምን ለብሰን ደጅ እንደ ቆምን ማወቅ ይፈልጋል።

አሥራ አንዱን ግጥሞች አልቀደድኋቸውም። በመሳቢያ አሉ። አሥራ ሁለተኛዋን ግን እነሆ፤ በደረሰኝ ጀርባ የተጻፈች ናትና አጭር ናት።

እናቴ አገር ቤት ፈትላ ያልጨረሰችው፣
ሌሊቱን በሙሉ ሲወርድ አደረ ባዘቶው፤
እንዝርት የለኝ እኔ፣ ደጋንም አልያዝሁ፣
በአራት ትንሽ እግር ሲረገጥ ግን አየሁ፤
ነጭ ነው ገጹ ሁሉ፣ ምንም ያልሰፈረበት፣
ቡችላው ቀደመኝ ፊደል ሊቀርጽበት።

ቸር ያሰማን።