«ቢድዓ» ስንል



ባለፈው ሰሞን፣ የቡና መገኛ በምትባለው በካፋዋ ማንኪራ፣ አንዲት እናት ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠርተው ዱዓ ሲያስደርጉ ወጣት ልጃቸው «ይህ ቢድዓ ነው!» ብሎ ሲኒውን ሳይቀበል ወጣ። እናት ቃሉን አያውቁትም፤ ስድብ መሰላቸው። «ኡስታዝ፣ ልጄ ምን ብሎኝ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ቃሉ በዐረብኛ ቀዳሚ አምሳያ የሌለውን ነገር መጀመር ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ) ሰማያትንና ምድርን ያለ ምሳሌ ማስገኘቱ በሱረቱል በቀራ 117ኛው አንቀጽ «በዲዕ» ተብሎ የተገለጸው ከዚሁ ሥር ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ሰዉን ለተራዊሕ ከኡበይ ኢብኑ ከዕብ ኋላ ሲሰበስቡ ቃሉን ለመልካም ነገር ተጠቅመውበታል። ኢማም ሻፊዒይ ቢድዓን የተመሰገነና የተወገዘ ብለው ለሁለት ከፈሉት። ኢብኑ ተይሚያ ግን የዑመር አጠራር የቋንቋ ነው፤ በሸሪዓ ፍቺው ቢድዓ ሁሉ የተወገዘ ነው ይላሉ። እንግዲህ አንዱ ቃል ከሊቅ ሊቅ ሚዛኑ ይለያያል።

ቡናም ቢሆን ከውግዘት አላመለጠም። በ1511 እ.ኤ.አ. ለመካ ገና አዲስ መጠጥ ሳለ የከተማው ሹም ኻኢር ቤግ ዑለማ ሰብስቦ አስከልክሎት ነበር። ከካይሮ የመጣው ትእዛዝ ግን መጠጡን ራሱን አልከለከለም።

ልጁን «ለእናትህ የነገርካቸው የትኛውን ፍቺ ነው?» ብለው ዝም አለ። የዱዓውን ልማድ ዑለማ ዘንድ ሄደህ ጠይቅ፤ ለሲኒው ግን ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቅ አልኩት። ዑለማው ዘንድ ሄዷል። እናቱ ዘንድ ገና ነው።