ስለ ወደብ ያልሆነ የባሕር ወሬ

ሰሞኑን ባሕር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደብ ነው። ወደብ ኖረንም አልኖረንም ግን ዝናባችንን የሚወስኑት ፓስፊክና የሕንድ ውቅያኖስ ናቸው። ይህ ከዜና ማብቂያው የአየር ትንበያ አልፎ መነጋገሪያ ሲሆን አላየሁም።

በደህናው ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የፓስፊክን ሙቅ ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። ነፋሱ ሲደክም ሙቁ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ውሃው ወደዚያ በሄደ ቁጥር ነፋሱ ይብስ ይደክማል። ኤልኒኖ ይህ ነው። እርጥብ አየር ሽቅብ የሚወጣበት ስፍራ ስለሚዛወር የእኛ ክረምት ይሳሳል። በ2007 ክረምት የሆነው ይኸው ነበር፤ በ2008 የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

ደቡቡ ግን ሌላ ነው። ቦረናንና ሶማሌን የሚያደርቀው ተቃራኒው፣ ላኒና ነው። ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፣ ከብቱ አለቀ። ተመራማሪዎች የድርቁን መክፋት ከምዕራብ ፓስፊክ ውሃ መሞቅ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ ኤልኒኖ መጣ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ወገንም አብሮ ሞቀ። በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ወጣ፤ ድርቅ ከብቱን የጨረሰበትን አርብቶ አደር አሁን ደግሞ ጎርፍ አፈናቀለው።

ኤልኒኖ ድሮም ነበር፤ የተለወጠው የሚነሳበት የሙቀት ደረጃ ነው። የሰው ልጅ ካመጣው ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉን የዋጠው ውቅያኖስ ነው። አየር ደግሞ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ሲዘንብ ያጥለቀልቃል፣ ሲቀር አፈሩ ውስጥ የቀረችውን እርጥበት ሳይቀር ይመጥጣል።

የሚያስቆጨኝ ባሕር ችኩል አለመሆኑ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ወራት ቀድሞ ይታያል። የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት ኤልኒኖ መጀመሩን ያሳወቀው በሰኔ 2015 መጨረሻ፣ ከጎርፉ አራት ወር ገደማ ቀድሞ ነበር። «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው መግለጫ ግን ለወንዝ ዳር ነዋሪ መቼ እንደሚነሳ፣ እህሉን የት እንደሚያሸሽ፣ ግመሉን በየት እንደሚያሻግር አይነግረውም። ይህን መንገር የትንበያ ባለሙያው ሥራ አይደለም፣ የወረዳው ነው። ወረዳው ትንበያውን ሲሰማ፣ ጎርፉ ሳይደርስ የሚያወጣው ገንዘብ በእጁ አለ ወይ? ይህን በበጀት ወቅት አጥብቆ የጠየቀ የምክር ቤት አባል እስካሁን አልሰማሁም።