መውጫ የሌለው ሐይቅና እንግዳ ተቀባዮቹ
ታዛቢው (ከሐዋሳ)

የሐዋሳ ሐይቅ፥ ከጥቁር ውኃ በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የሌለው፥ በአንጻሩም አንድ ስንኳ የሚወጣለት ወንዝ ያልተሰጠው፥ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱም እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 22 ሜትር ገደማ የሚደርስ ውኃ ነው። ፀሐይ ከገጹ ላይ ወደ ሰማይ ከምታነሣው እንፋሎትና ከምድር በታች ሰርጎ ከሚሄደው በቀር የገባበት ሁሉ በዚያው ይኖራል፤ ደለልም ቢሆን፥ ሳሙናም ቢሆን፥ የሰው ጉድፍም ቢሆን። ይህን የሥነ ፍጥረት ነገር አስቀድሜ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዳርቻው የተሰለፉት ሆቴሎች፥ ሪዞርቶችና ፔንሲዮኖች «ከአካባቢ ጋር የተስማሙ ይሁኑ» የሚለው ምክር በየአዳራሹ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር፥ ምክሩ ከዚህ ውኃ ጠባይ የተነሣ ሳይሆን ከሌላ አገር መጽሐፍ ተገልብጦ የመጣ መስሎ ስለሚታየኝ ነው።

ከተማይቱ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፥ መንገዶቿ በፕላን ቀጥ ብለው ተሰምረው ስትቆረቆር፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቤተ መንግሥታቸውን በሐይቁ ዳር ማሠራታቸው ውኃው ገና ከጅምሩ የእንግዳ ማረፊያ እንዲሆን ታስቦ እንደ ነበረ ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል መጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርቱን ከፈተ፤ ሌዊ ሪዞርትና ሌሎችም ተጨመሩ፤ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የሚታነጸው ፎቅ ቁጥሩ እየበዛ ሄዷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ብዙ ወጣቶች ከዚሁ እንጀራቸውን ያገኛሉ። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች ሁሉ የሚሸጡት ነገር፥ አልጋውም ምግቡም ሳይሆን፥ በመስኮቱ በኩል የሚታየው ሐይቅ ነው፤ አልጋማ በየአገሩ አለ።

ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣው የአረንጓዴ ሆቴል መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመብራትና ከፎጣ ነው። በዚያ አገር ለረጅም ዘመን ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ስለ ነበረ፥ አንድ አምፖል ማጥፋት ያን ያህል ጢስ ማስቀረት ነበርና ምክሩ በቦታው ትክክል ነው። በእኛ አገር ግን ኤሌክትሪኩ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከወንዝ ግድብ የሚገኝ ሲሆን፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይህንኑ አጽንቶታል። ስለዚህ የሐዋሳ ሆቴል በኮሪደሩ መብራት ቁጠባ ብቻ ራሱን አረንጓዴ ብሎ ቢሰይም፥ ከሁሉ የቀለለውን ፈጽሞ ከሁሉ የከበደውን እንደ ተወ ይቈጠራል። ስለ ፎጣውም ቢሆን፥ ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ የተፈጥሮ ተቈርቋሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በጻፈው ሐተታ፥ እንግዶች ፎጣቸውን ደጋግመው እንዲጠቀሙ በተፈጥሮ ስም የሚማጠነው የሆቴል ካርድ ከባለቤቱ የአጠባ ወጪ ያለፈ ነገር እንደማያድን ገልጾ መተቸቱ የታወቀ ነው። እኔ ግን በዚህች ከተማ ካርዱ ይቅር አልልም፤ ይኑር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ያልታጠበ ፎጣ ወደ ሐይቁ ያልወረደ ሳሙና ነውና።

የነገሩ ሥር ያለው እዚሁ ነው። ከልብስ ማጠቢያው፥ ከወጥ ቤቱና ከመጸዳጃ ቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ፎስፎረስና ናይትሮጅን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ይዞ ይወርዳል፤ እነዚህም በማሳ ላይ ቢሆኑ እህሉን ያፋፉ ነበር፤ በሐይቅ ውስጥ ግን የሚያፋፉት አልጌን ነው። አልጌው በዝቶ ውኃውን አረንጓዴ ሲያለብሰው ብርሃን ወደ ውስጥ መዝለቁ ይቀንሳል፤ ሞቶ ሲበሰብስም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ በተለይም በሌሊት፥ ዕፀዋቱ ኦክስጅን መስጠታቸውን በሚያቆሙበት ሰዓት፥ ዓሣው በገዛ ቤቱ ታፍኖ ይሞታል። ወራጅ ውኃ ያለበት ከተማ ጉድፉን ለታችኛው ጎረቤት ያስተላልፋል (ይህም ቢሆን ኃጢአት ነው)፤ የሐዋሳ ሐይቅ ግን ሳይታጠብ ዓመት ከዓመት እንደሚሞላ ጋን ነው፤ የአምናው ዝቃጭ ለዘንድሮው ይቆየዋል። ቀድሞ ሐይቅ የነበረው፥ የጥቁር ውኃም ምንጭ የሆነው ጨለለቃ በዕድሜያችን ወደ ረግረግነት መለወጡን ያየ ሰው፥ ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ትንቢት ነው ሊል አይችልም። የሐሮማያንም ሐይቅ ታሪክ፥ ከተሞች ይጠጡት የነበረ ውኃ እንዴት የከብት መሰማሪያ ሆኖ እንደ ነበረ፥ አንባቢዬ አይዘነጋውም።

አብዛኛው የከተማችን ፍሳሽ የሚጠራቀመው በየግቢው በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ሲሞላም መጣጭ ቦቴ መኪና ተጠርቶ ይቀዳል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ሥርዓት ይበቃ ይሆናል፤ የውኃው ልክ ለምድሩ ገጽ በቀረበበት በሐይቁ ዳር፥ መቶ አልጋ ላለው ቤት ግን ጉድጓዱ ምን ያህሉን እንደሚይዝና ምን ያህሉን ለአፈሩ እንደሚያሰርግ ማሰብ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስገርመኝ፥ አብነቱ በዚህችው ከተማ መኖሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፥ ሐይቁ መውጫ የሌለው መሆኑ ታውቆ፥ ያገለገለውን ውኃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበትና አንዲት ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ተሠራ። ሸሚዝ ሰፊው ይህን ያህል ከተጠየቀ፥ ከውኃው ሃምሳ ክንድ ርቆ የሚኖረው አልጋ አከራይ ስለ ምን አይጠየቅም? ሕጉስ ቢሆን አልጎደለም፤ በ1995 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 299 እና 300፥ አንዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ውጤት እንዲመረመር፥ ሌላው በካይ የሆነ ሰው ለበከለው እንዲጠየቅ ያዝዛሉ። ወረቀቱ ሃያ ዓመት አልፎታል።

መድኃኒቱም ቢሆን ከባሕር ማዶ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ከወጥ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ፥ ወደ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት፥ ቅባቱ በሚንሳፈፍበትና በየሳምንቱ በሚገፈፍበት ትንሽ ገንዳ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ለአንድ ግንበኛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከዚያም ጠጠርና አሸዋ በተሞላበት፥ ፊላና ደንገል በተተከለበት ዝቅ ያለ መስክ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ቢደረግ፥ ሥሮቹና በሥሮቹ ዙሪያ የሚኖሩት ረቂቃን ሕዋሳት ከጉድፉ ብዙውን ይበሉታል፤ የተረፈውም ውኃ ለአትክልት ማጠጫ ይውላል። ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም፤ ሐይቁ ራሱ በዳርቻው ባበቀለው ፊላ ሲሠራው የኖረ ግብር ነው። እኛ ግን እንግዳው ውኃውን ያለ ግርዶሽ ይመልከት ብለን ፊላውን አጨድን፤ በስፍራው ሣር ተከልን፤ ሣሩንም በማዳበሪያ እንመግበዋለን፤ ዝናብ በጣለ ጊዜም ማዳበሪያው ወዴት እንደሚወርድ መናገር አያስፈልግም። በአረንጓዴ አሻራ ቀን ከፎቶግራፍ አንሺ ጋር ችግኝ ከመትከል በፊት፥ በግቢው ጫፍ ያለውን ፊላ አለማጨድ ይቅደም ባይ ነኝ።

ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የአገራችንን የቱሪዝም ድርጅት ሲመሠርቱ፥ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ከፀሐያችን ወስደው ለዓለም አሰሙ። ያች ፀሐይ ዛሬም የገላ መታጠቢያ ውኃ በነጻ ልታሞቅልን በጣሪያው ላይ ቆማ ሳለች፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ጀኔሬተር በናፍጣ እያጓራ ቦይለር እንዲያሞቅ ማድረጋችን ጸጋውን መግፋት ነው። እንዲሁም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ፥ የሐይቅ ነፋስ ዘወትር በሚነፍስባት ከተማ ውስጥ፥ ፊቱ ሁሉ መስተዋት የሆነ ሕንፃ አቁሞ ሙቀቱን በማቀዝቀዣ መኪና ማባረር እኔ ምሥጢሩ አልገባኝም። ይርጋለም ያለው አረጋሽ ሎጅ፥ የሲዳማን ቤት አሠራር ተከትሎ ከቀርከሃ በተሠሩ ጎጆዎች እንግዳ መቀበሉ ደስ የሚያሰኘኝ ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ ጎጆው በራሱ ስለሚተነፍስ ጭምር ነው።

ወደ ፕላስቲኩ ስንመጣ፥ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 እጅግ ስስ የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን አዋጁን ሳይሰማ ኖረ፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያውን ከረጢት ጨርሶ ለማስቀረት ቆርጧል። የሆቴሉ ዋና ጉድፍ ግን ፌስታሉ ሳይሆን የታሸገው ውኃ ጠርሙስ ነው። የአምቦ ውኃና ለስላሳ መጠጥ በብርጭቆ ጠርሙስ እየተሸጠ፥ ባዶውን ያልመለሰ አዲሱን ሳያገኝ፥ ሣጥኑ በጋሪ ሲመላለስ የኖረበት ሥርዓት በአገራችን ያለና የታወቀ ነው፤ ይህን የለመደ ሕዝብ ለአንድ ጉንጭ ውኃ ሲል አንድ ሃይላንድ መጣልን ከየት ተማረ?

ይህን ጥያቄ የምጠይቀው እንግዳው ማን እንደ ሆነ ስለማውቅ ነው። በሐዋሳ ሆቴል የሚያድረው ሰው አብዛኛው በካርታ የሚጓዝ ፈረንጅ አይደለም። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል የሚጎርፈውን ምእመንና በሳምንት መጨረሻ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚመጣውን ባለ መኪና ካነሣን፥ በተራው ቀን አዳራሹን የሚሞላው በአበል የመጣ ተሰብሳቢ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት፥ ከቢሮ፥ ከእርዳታ ድርጅት። በጠዋት ሻይ ቡና፥ በየወንበሩ ፊት አንድ የታሸገ ውኃ፥ ከሰዓት በኋላም ሌላ፤ ግማሹ ተጠጥቶ ግማሹ ተትቶ። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚመክረው ስብሰባም ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሲካሄድ አላየሁም። እንግዲህ የሆቴሉ ደንበኛ መንግሥትና ድርጅት ከሆነ፥ ባለ ሆቴሉን በስብከት ከማድከም ይልቅ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሦስት መስመር መጨመር ይበልጥ ይሠራል፦ ውኃው በማሰሮ ወይም በብርጭቆ ይቅረብ፤ ሆቴሉ የፍሳሹን መድረሻ የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ያቅርብ፤ ምሳው ከአካባቢው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ የተገዛ ይሁን። ሚኒስቴሩ ደብዳቤ ጽፎ ዐሥር ዓመት ከሚጠብቅ፥ አንድ በጀት ዓመት እንዲህ ቢገዛ፥ የቅባት ገንዳውን የማይሠራ ባለ ሆቴል የሚኖር አይመስለኝም፤ ነጋዴ ገንዘቡ የሚያልፍበትን በር ያውቃልና።

ስለ ዓሣው አንድ ቃል ልጨምር። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ በሰልፍ ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቁ ማየት ጎብኚውን ሁሉ ያስደስታል፤ ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ ግን ገና ሳይራባ በጠባብ መረብ የወጣ ከሆነ፥ ደስታው የነገውን ገበያ የሚበላ ደስታ ነው። ልኩ ያልደረሰ ዓሣ አልገዛም የሚል የሆቴል ዕቃ ገዢ፥ በሐይቁ ላይ ከሚዞር ተቆጣጣሪ ይልቅ መረቡን ያሰፋዋል።

እንግዳ መቀበል በእኛ ዘንድ መዓርግ ያለው ነገር መሆኑን ማስታወስ አያስፈልግም፤ አበ ብዙኃን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ፥ ከእንጎቻውና ከጥጃው አስቀድሞ የሰጣቸው ለእግራቸው ጥቂት ውኃ፥ ለድካማቸውም የዛፍ ጥላ ነበር። የሲዳማም ሽማግሌዎች፥ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ በገባው በፊቼ ጨምበላላ በዓል ላይ፥ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ጋር አንድ አድርገው የሚያወግዙት ነገር አገር በቀል ዛፍ መቁረጥን ነው። ሕገ ልቡና ይህን ያህል ካስተማረ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መመሪያ የሚጨምርልን የመሣሪያውን ዓይነት እንጂ የነገሩን ፍሬ አይደለም። ጉዱማሌ ላይ በዓሉን የሚያከብረው ሕዝብ ከሐይቁ ጋር እንዳይገናኝ በአጥር መጋረድም፥ በእኔ አስተያየት፥ ከዚሁ ከእንግዳ ተቀባይነት ሥርዓት የወጣ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ እርሱም እውነት አለበት። ባለ ብዙ ኮከቡ ሪዞርት የራሱን ማጣሪያ ቢሠራ አይከብደውም፤ ዐሥራ ሁለት ክፍል ያላት ባለ ፔንሲዮን እትዬ ግን ይህን ግዴታ ብቻዋን ተሸክማ መቆም አትችልም። ለእርሷና ለመሰሎቿ የሚሆነው፥ ማዘጋጃ ቤቱ በየሰፈሩ አንድ የጋራ ማጣሪያ ሠርቶ፥ ከተከራየው አልጋ ልክ በየወሩ ጥቂት ብር ማስከፈል ነው፤ ገንዘቡም ለዚያው ሥራ ብቻ ይውል ዘንድ ሒሳቡ በየዓመቱ በግልጽ ይለጠፍ። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ቆፍሮ ሳለ ቧንቧውን አብሮ መቅበር ከጊዜ በኋላ አስፋልት ከመስበር ይረክሳል። ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች ጋር በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የኮከብ ምዘና ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ፥ መዛኞቹ ፍራሹንና የእንግዳ መቀበያውን እብነ በረድ ከመመልከታቸው አስቀድሞ በጓሮ በር ገብተው የጉድጓዱን ክዳን ያስከፍቱ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ኮከቡ ቁጥር ቢነጋገሩ ይሻላል።