ከጀሪካን ላይ የማይለቅ ቀለም

በዚህ ወር አምዳችን ስለ ጀሪካን እናወጋለን።

አቦቦ ላይ በቦኖ ፊት የተሰለፈውን ጀሪካን ያየ ሰው ችግሩን ወዲያው ይረዳል። የአኙዋው ቤተሰብ ይሁን በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ የመጣው፣ የሁሉም ጀሪካን ቢጫ ነው፤ አብዛኛው የምግብ ዘይት የመጣበት ባለ 20 ወይም ባለ 25 ሊትር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ስሙን በቀለም ይጽፍበታል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ ይወድቃል። "የኔ ነው" የሚለው ክርክር ከዚያ ይነሣል፤ እሱስ በሽማግሌ ያልቃል። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላው ነው። በእርሻ አገር ናፍጣውም የተባይ መድኃኒቱም የሚቀመጠው በዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው። "መርዝ" ተብሎ የተጻፈበት ቀለም የለቀቀ ዕለት ጀሪካኑ የውሃ ጀሪካን መስሎ ይታያል፤ ውሃ ቅዳ የተባለ ልጅም ያንኑ አንሥቶ ይሄዳል።

ቀለሙ ለምን ይለቃል? እንጨትና ሲሚንቶ ቀዳዳ ስላላቸው ቀለም ሰርጎ ይይዛቸዋል። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ግን ልሙጥ ነው፤ በባሕርይውም ሌላ ነገር አያስጠጋም። ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት ሳይዘረጋ ተድቦልቡሎ ይንከባለላል፤ ውሃ ባልተዘረጋበት ቀለምም በደንብ አይዘረጋም። ፋብሪካዎች በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ ከማተማቸው በፊት ገጹን ለቅጽበት በነበልባል ያስመቱታል፤ ያኔ ገጹ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ቀለም መያዝ ይጀምራል። ይህን ግን እቤት አትሞክሩት፤ ነዳጅ በነበረበት ዕቃ ላይማ ፍንዳታ ያመጣል።

ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 2 ከሆነ ይኸው ፖሊኢትሊን ነው፤ 5 ደግሞ ብዙ የፕላስቲክ ወንበሮች የሚሠሩበት ፖሊፕሮፒሊን ነው። ሁለቱም እልከኞች ናቸው። 3 የተጻፈበት የውሃ ቧንቧ ከነሱ ይሻላል።

ሥራው ከቀለሙ በፊት ነው። ዕቃውን በሙቅ ውሃና በኦሞ ሁለት ጊዜ እጠቡ፤ የዘይት ጀሪካን ከውጭም ቅባት አለው። ሲደርቅ የሚጻፍበትን ቦታ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ፈትጉ። አቧራውን አልኮል በነካው ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ በጣት መንካት ክልክል ነው፤ የእጅ ቅባት ልፋታችሁን ያበላሻል። ከተገኘ የመኪና ፓራውልት ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የፕላስቲክ ፕራይመር በስሱ ቀቡ፤ እውነቱን ለመናገር የሚያጣብቀው እሱ ነው፤ መፈተግ ብቻውን ዕድሜ ያራዝማል እንጂ አያዘልቅም። ለብረት የሚቀባው አንቲረስት ምትኩ አይደለም። "ፕላስቲክ ቀለም" የሚባለውም ስሙ አያታላችሁ፤ የግድግዳ ቀለም ነው! በፕራይመሩ ላይ ስፕሬይ ወይም የዘይት ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡ። አንድ ጊዜ ያወፈረ ሰው ያስልጣል።

የአቦቦ ፀሐይ ያጋለው ፕላስቲክ ላይ አይቀባም፤ ማለዳ በጥላ ሥር ሥሩ። በማግሥቱ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንጠቁት፤ ቀለሙ አብሮ ከመጣ ከመፈተጉ ጀምሩ። ባይመጣም ጥቂት ቀናት ሳይነካ ይቆይ። ከውስጥና ከአፉ አካባቢ ግን በጭራሽ አትቀቡ፤ ከድሮ የተረፈ ቀለምም ጭራሽ አይሁን። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው የልጆችን አእምሮ ስለሚጎዳ ነው።

መርዝ የነበረበትን ጀሪካን በተመለከተ ቀለም አንመክርም። ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ እጣቢውን ወደ መርጫው መልሱ፣ ከዚያ በሚስማር ብሱት። የተበሳ ጀሪካን ማንም ውሃ አይቀዳበትም።

አንድ ነገር ቀረን። ፕላስቲኩን እምቢ ያለ ቀለም ጥፍርና ቆዳ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ውሃ ስለሚከለክልም ለውዱእ መነሣት አለበት። ሳይደርቅ በምግብ ዘይት እሹት፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጠቡ። ቤንዚን ቆዳ ያቃጥላልና ይቅርባችሁ፤ ጓንት አድርጎ መሥራቱ ከሁሉም ይቀላል።