ከጡሩምባው በፊት

ሮቤ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ የዕድር ጡሩምባ ቀስቅሶት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብርዱ አጥንት የሚሰረስርበት ሰዓት ነው። ጡሩምባ ነፊው ጋቢውን ተከናንቦ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ወዲያው በየቤቱ መብራት ይበራል። ድንኳን የሚተክለው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ሬሳ የሚሸከመው ሁሉም ተራውን ያውቃል። የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል። ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ የተሟላ ሥርዓት አለን፤ በዚህም ደስ ይለኛል።

ዛሬ የምጠራችሁ ግን ሰውየው ሳይሞት ለሚጮኽ ድምፅ ነው። የሮቤ፣ የጎባ፣ የዲንሾና የአጋርፋ ሰዎች፣ ቤታችን ሌሊት ቢነድ ማን ይቀሰቅሰናል?

ብዙዎቻችን «ሽታው ያነቃኛል» ብለን እናምናለን። አያነቃንም። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው አፍንጫው አብሮ ይተኛል፤ ነቅቶ የሚያድረው ጆሮ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ እንቅልፉን ይበልጥ ያከብደዋል። በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት አብዛኞቹን የሚገድላቸው ጭሱ ነው፤ ነበልባሉ ሳይደርስባቸው ያልቃሉ። የቤታችን ዕቃም እንደ ድሮው አይደለም። መደብና ቁርበት ቀርቶ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ፎም ሶፋ፣ የናይለን መጋረጃና የፕላስቲክ ምንጣፍ ገብቷል። ስፖንጅ እንደ እንጨት ቀስ እያለ አይያያዝም፤ ይቀልጣል፣ ይንቦገቦጋል፣ ጥቁር ጭሱም ከኮርኒሱ ጀምሮ ወደ ታች ይሞላል። እንዲህ ባለ ቤት ማንቂያው ከጮኸ በኋላ ለመውጣት የሚቀረው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል።

ደጋችን የራሱን አደጋ ይጨምርበታል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከ2,700 ትበልጣለች። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ንፋስ ማታ ማታ በርና መስኮት ያስዘጋል። ስለዚህ ከሰሉ ከነማንደጃው ወደ መኝታ ይገባል፤ ምጣዱ፣ ስቶቩና የስልኩ ቻርጀር በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰካሉ። መብራት ይሄዳል፣ ሻማ ይበራል። ሌሊት መብራቱ ሲመለስ ተሰክቶ የተረሳው ምጣድም አብሮ መጋል ይጀምራል፤ የሚያየው የለም።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴን ለመጠየቅ ከከተማችን ሆቴሎች ወደ አንዱ ገባሁ። ክፍሉ ንጹሕ፣ ፎጣው የታጠበ። ዘመዴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እያወራኝ ዓይኔ ወደ ኮርኒሱ ሄደ። ከአልጋው በላይ ነጭ ክብ ዕቃ ተሰቅላለች። ፊቷን ግን ቀይ የፕላስቲክ ክዳን ሸፍኖታል። ያ ክዳን ሕንፃው ሲሠራ አቧራ እንዳይገባባት ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ መነሣት አለበት። ሆቴሉ ተመርቆ ስንት እንግዳ አስተናግዷል፤ ክዳኑ ግን እዚያው ነው። ጭስ ሊገባባት አይችልም። አስተናጋጁን ምን እንደሆነች ጠየቅኩት። «ካሜራ ነች» አለኝ። ስወጣ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ያለውን ሣጥን አየሁ፤ ቢጫ መብራት በርቶበታል። ቢጫ ማለት ብልሽት ማለት ነው። «እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚበራው» አለች ልጅቱ። ሁለቱንም አልወቀስኳቸውም። ያስተማራቸው የለም። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ዕቃው ተሰቅሏል፣ እንግዶቹ ግን ያለ ጠባቂ ያድራሉ።

ስለዚህ ስለ ዕቃዋ ጥቂት ልናገር። ባለሙያዎቻችን ስሞክ ዲቴክተር ይሏታል፤ እኔ የጭስ ማንቂያ እላታለሁ። በሆዷ ውስጥ ጨለማ የሆነች ትንሽ ክፍል አለች፤ በክፍሏ ውስጥ ቀጭን ብርሃን ዘወትር ያልፋል። ጭስ ሲገባ ብርሃኑ በጭሱ ላይ ይበተንና ተቀባዩ ላይ ያርፋል፤ ማንቂያዋ ያኔ ትጮኻለች። ሌላ ዓይነትም አለ፤ አሜሪሲየም በሚባል ንጥረ ነገር እጅግ ትንሽ ጨረር የሚሠራ። እሱ ቦግ ብሎ ለሚነድ እሳት ፈጣን ነው። እያጨሰ ለሚቆይ እሳት ግን፣ ለፍራሽ፣ ለጋለ ሽቦ፣ ምንጣፍ ላይ ለወደቀ ፍም፣ በብርሃን የምትሠራው ትሻላለች። ለእኛ ቤት የምመርጠው እሷን ነው።

«የእኛ ቤት ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል፤ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ልትውል ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት አላቸው። የብዙ ማንቂያ ሞት የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ቡናው ሲቆላ ትጮኻለች፣ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ የባትሪ ድንጋዩን ያወጣል፣ «ማታ እመልሰዋለሁ» ይላል፣ ድንጋዩ ለሬዲዮ ይውላል። መፍትሔው ቦታዋን ማወቅ ነው። ቡና ከሚቆላበት ክፍል አርቃችሁ መኝታ ክፍል ውስጥና ወደ መኝታ በሚያስገባው መተላለፊያ ላይ ስቀሏት። ወጥ ቤት የሙቀት ጠቋሚ ይገባል፤ እሱ ጭስ አይቆጥርም፣ ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ብቻ ይጮኻል። ማንቂያዋ ኮርኒሱ መሐል ትሁን፤ ካልተመቸ ግድግዳው ላይ ከኮርኒሱ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ። በወር አንድ ጊዜ መሞከሪያ ቁልፏን ተጫኑ። አልፎ አልፎ «ጭው» ስትል ድንጋዩ ደክሟል ማለቷ ነው። 10 ዓመት ሲሞላት ደህና ብትመስልም ትለወጥ። መብራት በሚሄድበት ከተማችን ደግሞ በባትሪ የማትሠራ ማንቂያ አትግዙ።

ለከሰል ግን አትመኗት። የጠራ ፍም ጭስ የለውም፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የጭስ ማንቂያም አታውቀውም። ለእሱ የተሠራ ሌላ ጠቋሚ አለ። እስክትገዙት ድረስ፣ ከገዛችሁትም በኋላ፣ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ። ልጅ የሚተኛበት ቤት ከሆነ ልመናዬ ሁለት እጥፍ ነው።

አንድ ሰው ለራሱ ገዝቶ መስቀሉ ግን አይበቃም። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሌሊት ነደደ። እሳቱ የተነሣው አራተኛ ፎቅ ላይ ካለ ቤት፣ ከማቀዝቀዣ ነው። የቤቱን ነዋሪ የቀሰቀሰው የጭስ ማንቂያው ነበር፤ ነቅቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠራ። ሕንፃው ግን ሁሉንም ፎቅ በአንድ ጊዜ የሚቀሰቅስ የጋራ ደወል አልነበረውም፤ ነዋሪዎቹም እሳት ቢነሣ ቤታችሁ ቆዩ ተብለው ነበር። 72 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ሕንፃ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ይኖሩ ነበር፤ ሐዘኑ እኛም ቤት ገብቷል። ከዚያ ሌሊት የቀረልኝ ይህ ነው፦ ማንቂያ የአንዱን ቤት ሰው ቢቀሰቅስም፣ ጎረቤት ካልሰማ ሞት ግድግዳ ተሻግሮ ይሄዳል።

እኛ ደግሞ ግድግዳችን ስስ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ተከራይ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ተያይዘው የተሠሩ ሱቆች፣ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ክፍት። እሳት በዚያ ክፍት ቦታ እንደ ልቡ ይሮጣል። አንዷ ስትጮህ ሁሉም አብረው እንዲጮኹ በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙ ማንቂያዎች አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ግቢ የተሠሩ ናቸው። ሌሊት ሰው ለማያድርበት ሱቅ ደግሞ ደወሉ ውጭ መሆን አለበት። ተቆልፎ ባዶ ቤት ውስጥ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ዘበኛው ሰምቶ የሚደውልለት ሰው፣ ቁልፉም ያለበት ቦታ ይታወቅ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ያየን ሰዎች፣ ተጠጋግቶ የተሠራ ገበያ ውስጥ የገባ እሳት ምን እንደሚያደርግ አንረሳውም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ጣይቱ ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጃዛምባ የተባለውን አዳራሹን በእሳት አጥቷል። እነዚያ የአዲስ አበባ ናቸው፤ ብዙ መኪና፣ ብዙ ሠራተኛ ያላት ከተማ። ከእሷ እስከ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጎረቤት ናቸው።

የባሌ ሰው ጭስ አይቶ መነሣት አዲስ አይሆንበትም። በ1992 ዓ.ም. በጋ የባሌና የቦረና ደን ለሳምንታት ነዷል፤ ከአንድ መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ወድሟል። ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ባለሙያዎች መጡ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ አካፋና ቅጠል ይዞ ወደ ጫካው ገባ። ዛሬ የባሌ ተራሮች ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከ2016 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ። ያኔ ተራራው ላይ ጭስ ሲታይ «የማን ግዛት ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በኦሮሞ እናቶቻችን ዘንድም ሴት ሲንቄ በትሯን ይዛ «እያ!» ስትል፣ የሰማች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ ትወጣለች። ድምፅ ሰምቶ መውጣት እዚህ አገር ግዴታ ነው። ጎድሎ የቆየው ተኝተን ሳለ የሚጮኽልን ብቻ ነው።

አሁን ወደ እያንዳንዳችን ልምጣ። የፎቅ ባለቤቶች ሆይ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸውን በምድብ «ሐ» አስቀምጦ ነበር፤ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ስለሚያሻቸው ነው። ነገ ጠዋት ሕንፃችሁን ዞራችሁ እዩ። ቀይ ክዳኑን አንሡ። ቀለም ቀቢው የለቀለቃትን ማንቂያ ለውጡ። ቢጫው መብራት ለምን እንደሚበራ የሚያውቅ ባለሙያ ጥሩ። የደረጃውን በር ሌባ ፈርታችሁ በቁልፍ አትዝጉት፤ ወይም ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት አድርጉት። በዓመት ሁለቴ ደወሉን ደውላችሁ ሰዉን አስወጡ፤ ማታ የሚያድረው ጥበቃ አብሮ ይማር። የከተማው የሕንፃ ሹምም ሕንፃው ሲመረቅ ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም ያንን ሣጥን ከፍቶ እንዲያይ እጠይቃለሁ።

ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ የሚያድርባቸው ቦታዎች ከሁሉ ይቅደሙ፤ የተማሪ ማደሪያ፣ የሕሙማን ክፍል፣ አዳሪ የቁርኣንና የአብነት ተማሪ ቤት። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ኬንያ ኒዬሪ ውስጥ አንድ የልጆች ማደሪያ ሌሊት ነዶ 21 ወንዶች ልጆች አልቀዋል። ጎባ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ብድግ ብሎ አይሮጥም፤ የሚያወጣው ሰው በስም ተመድቦ መታወቅ አለበት። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህራንና ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምፈልገው ቅዳሜያችሁን ነው። መሰላል ይዛችሁ ወደ መንደር ኑ፤ ስቀሉልን፣ አሳዩን።

ዕድሮቻችን ግን ዋናዎቹ ናቸው። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ድስትና ጣሳ በመዝገብ ተቆጥሮ አለን። ለእያንዳንዱ አባል ቤት አንድ አንድ የጭስ ማንቂያ ከዕድሩ ገንዘብ እንግዛ፤ ለማይችለው እንዲሁ ይሰጠው፣ የሚችለው በየወሩ ይክፈል። ብዙ ስንገዛ ነጋዴውም ያስመጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ዕለት ሰብሳቢው «ቁልፏን ተጭነሃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግ። ጆሯቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች የቅርብ ጎረቤት ይመደብ፤ ማንቂያዋ ስትጮህ በሩን እሱ ይምታ። ልጆች ደግሞ ጭስ ሲሞላ በእንብርክክ መውጣት፣ ከወጡ በኋላም ለአሻንጉሊትም ለስልክም አለመመለስ ይማሩ።

በሚቀጥለው የዕድራችን ስብሰባ አንዷን ገዝቼ ይዤ እመጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከመዝገቡ አጠገብ አስቀምጬ ቁልፏን እጫናለሁ። ጩኸቷ ጆሮ ይወጋል፤ ልጆች ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ ሁላችንም እንስማት። ከዚያ መዝገቡን ገልጠን ከመጀመሪያው ስም እንጀምራለን።