ቴሌቪዥን ከመግዛታችን በፊት ልጆቻችንን እንጠይቅ

ባለፈው ዓመት ብላክ ፍራይዴይ በሚሉት የቅናሽ ቀን እኔም እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፌ 75 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በዓል ሲመጣ ዘመድ ወዳጁ እኛ ቤት ነው የሚሰበሰበው፤ አሮጌው 50 ኢንች ቴሌቪዥን ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳፍረኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር የገዛሁት ለእንግዳ ነው። ለባለቤቴ ግን «ለልጁ ፕሌይስቴሽን ይሆናል ብዬ ነው» አልኳት።

ልጃችን 14 ዓመቱ ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጨርስ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይዘገያል» አለኝ። «ምኑ ነው የሚዘገየው?» ስለው «ቁልፉን ስጫን ተጫዋቹ ቆይቶ ነው የሚመታው» አለ። እኔ ስክሪኑን አየሁት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ የሜዳው ሣር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደም ሥሬ ተገታተረ። «እኛ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስቦ ሲያይ ነው ያደግነው፤ ቅብጠትህን ተው!» ብዬ ያችን የምታውቋትን ንግግር አደረግሁለት። እናንተም ቤት ሳትኖር አትቀርም።

ልጁ መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ፕሌይስቴሽኑን ነቅሎ መኝታ ክፍሉ አስገባና ከአንድ አሮጌ የኮምፒዩተር ስክሪን ጋር አገናኘው። በሩንም ዘጋ። ለሦስት ሳምንት ያህል እኔና ያ ግዙፍ ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ ተፋጠን ቀረን።

ነገሩን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳጫውተው የመለሰልኝ በጥያቄ ነው። «ጌም ሞድ አብርተኸዋል?» አለኝ። ጌም ሞድ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን የደረሰውን ምስል እንዳለ አያሳይም። ያጸዳዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙን ያደምቀዋል። ለዚህ ሥራው ጊዜ ይፈልጋል። ፊልም ስናይ አይታወቀንም፤ ድምፁም ምስሉም አብሮ ስለሚዘገይ። ጌም ላይ ግን ጣት ቁልፉን ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ ውጤቱ እስኪታይ ድረስ ያለው ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል። ጌም ሞድ ካልበራ መዘግየቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ሊደርስ ወይም ሊያልፍ ይችላል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም ይህ ማለት ስድስት ምስል ወደ ኋላ መቅረት ነው። ጌም ሞድ ሲበራ ግን ጥሩ ቴሌቪዥን ላይ መዘግየቱ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። ግብ ጠባቂው የሚደርስበትም የማይደርስበትም በዚህች ልዩነት ነው።

እኔም ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፌያለሁ። ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ያኔ የነበረው ከኋላው ጉብ ያለው ከባዱ ቴሌቪዥን ምስሉን እንደደረሰው ወዲያው ነበር የሚያሳየው። መዘግየት አልነበረበትም ማለት ይቻላል። እንግዲህ «ቅብጠት» ብዬ የተቆጣሁት ልጅ እኔ በልጅነቴ ያልገጠመኝን ችግር ነበር የነገረኝ። በዚህ በኩል ከእሱ ይልቅ የተመቸኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቶሎ አትግዙ የሚል ነው። ቤታችሁ ያለውን ቴሌቪዥን ሴቲንግ ከፍታችሁ ጌም ሞድ መኖሩን እዩ። ብዙ ቤት ችግሩ እዚያው ሊያበቃ ይችላል፤ አንድ ዶላር ወይም ዩሮ ሳይወጣ።

መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ልጃችሁን ጠይቁት። ኮንሶልህ የትኛው ነው? የምትጫወተውስ ምንድን ነው? በ2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ4ኬ ጥራት በሰከንድ እስከ 120 ምስል መላክ ይችላሉ። በ2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 በ4ኬ 60 ነው፤ 120 የሚልከው ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ነው። ፎርትናይትን ለመሰሉ የተኩስ ጌሞች 120 ልዩነት ያመጣል፤ አንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ የሚቆየው ከ16.7 ወደ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳልና። ልጁ የሚጫወተው እግር ኳስ ብቻ ከሆነ ግን ጌም ሞዱ ጥሩ የሆነ ባለ 60 ኸርዝ ቴሌቪዥን ይበቃዋል። ለ8ኬ ብሎ መክፈል ደግሞ ለማይመጣ እንግዳ ድግስ እንደ መደገስ ነው።

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ተጠንቀቁት። የእኔው ሳጥን ላይ በትልቁ 120 የሚል ነበር። ቤት ገብቼ ዝርዝሩን ሳነበው 120ው «ሞሽን ሬት» የሚሉት የማስታወቂያ ቁጥር ነው፤ የስክሪኑ እውነተኛ ፍጥነት 60 ኸርዝ ሆኖ አገኘሁት። ውሸት ነው ብዬ ሱቁን መክሰስ አልችልም፤ በትንሹ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። «ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚለው ጽሑፍም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በዚህ ስም ከሚጠሩት ብቃቶች ብዙዎቹ አምራቹ ቢፈልግ የሚያስገባቸው፣ ካልፈለገ የሚተዋቸው ናቸው። መጠየቅ ያለበት «4ኬ በ120 ኸርዝ ይቀበላል ወይ? ቪአርአር አለው ወይ?» ተብሎ ነው። ቪአርአር ማለት የስክሪኑ ፍጥነት ከጌሙ ፍጥነት ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚልበት፣ ምስሉ እንዳይቆራረጥ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ከአራቱ መሰኪያዎች ይህን ሁሉ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ሳውንድባሩ ከያዘው ሁለት ኮንሶል ያለበት ቤት ጠብ መነሳቱ ነው።

አሁን ደግሞ እኛን ሐበሾቹን በተለይ ወደሚመለከት ነገር ልምጣ። የጌም ነገር የሚያውቁ ሰዎች ኦሌድ ግዙ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ፍጥነቱም አይገኝም። ነገር ግን እኛ ቤት ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚውል እናውቃለን። ጠዋት የአገር ቤት ዜና ይከፈታል፣ እስከ ማታ አይዘጋም። የጣቢያው ምልክት አንድ ጥግ ላይ ተተክሎ ይውላል፣ ከታችም የዜናው መስመር ይሄዳል። ኦሌድ ላይ እንዲህ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር በወራትና በዓመታት ብዛት ጥላው ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። እማማ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነና ዜናው ሌት ተቀን ክፍት ከሆነ ሚኒ ኤልኢዲ የሚባለው ይሻላችኋል፤ ፀሐይ በሚገባበት ሳሎንም ደመቅ ብሎ ይታያል። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ቴሌቪዥኑም ለጌምና ለፊልም ብቻ ከሆነ ግን ኦሌድን የሚያህል የለም።

«ለጌም ብሎ ይህን ሁሉ ማጥናት ምን ይሉታል? ልጁ ትምህርቱን አያጠናም?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጨዋታ ሰዓት መገደብ አለበት፣ እኛም ቤት ተገድቧል። ግን ገንዘቡን ለማውጣት ከወሰንን በኋላ ሳያውቁ ማውጣት ቁጠባ አይደለም። ከገንዘቡ የሚበልጠው ደግሞ ሌላ ነው። ልጆቻችን ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት ነገር ጥቂት አይደለም። በዚያ ነገር ሲናገሩ ካላመንናቸው፣ በማናውቀው ነገር «ዝም በል» ካልናቸው፣ ነገ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸው፣ ስለሚያስጨንቃቸው ጉዳይ ለምን ይነግሩናል? ልጄ በሩን የዘጋው በቴሌቪዥኑ ተናዶ አልነበረም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኔ ጠምጥሜ ነው የተማርኩት። ጌም ሞዱን ካበራሁ በኋላ የልጁን በር አንኳኩቼ «ልክ ነበርክ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩት። አባቴ እንዲህ ብሎኝ ስለማያውቅ አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር። ልጁ ተጠራጥሮ ወጣ፣ ሞከረው፣ ሦስት አራት ጊዜ ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አምጥቶ ሰጠኝ። አምስት ለባዶ አሸነፈኝ። ፕሌይስቴሽኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ነው።

የዘንድሮው የቅናሽ ቀን ሲደርስ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ጠይቁት። ቢቻል ይዛችሁትም ሂዱ።

ቸር እንሰንብት።