ተሸንፎ ወደ ሜዳ ስለ መመለስ

ድልን ሰው ሁሉ ሊካፈለው ይሽቀዳደማል፤ ሽንፈትን ግን ለባለቤቱ ብቻ ይተውለታል። ይህ ነገር በብዙ ሥራ የታወቀ ሲሆን በተማሪዎች የእግር ኳስ ጨዋታ ይልቁንም ጐልቶ ይታያል። የአንድ ኮሌጅ ቡድን ያሸነፈ እንደ ሆነ አስተማሪውም፥ ተማሪውም፥ የከተማውም ሰው «ቡድናችን» ይለዋል። ደጋግሞ የተሸነፈ እንደ ሆነ ግን ያው ቡድን «እነዚያ ልጆች» ተብሎ ይጠራል። ስሙን ለመለወጥ ሦስት ወይም አራት ጨዋታ ይበቃል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በአዊ ዞን፥ በእንጅባራና በዳንግላ የሚማሩት ወጣቶች ጉዳይ ነው። እንጅባራ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅ ያለባት የትምህርት ከተማ ናት። ወጣት ባለበት ሁሉ ኳስ አለ፤ ኳስ ባለበትም ውድድር አለ። ነገር ግን ወደ ውድድር ከሚገቡት ብዙ ቡድኖች ዋንጫውን የሚወስደው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ተሸንፈው ይመለሳሉ። እንግዲያውስ እንዴት እንደሚያሸንፍ ብቻ ሳይሆን ተሸንፎ እንዴት እንደሚመለስ ለተማሪው ማስተማር ይገባል።

የኮሌጅ ቡድን ሽንፈት ከሌላው ቡድን ሽንፈት የሚከብድበት ምክንያት አለው። ተማሪ በትምህርት ቤቱ የሚቆየው ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ሲተዋወቅ ያሳልፈዋል፤ በሁለተኛው አጨዋወቱን ያስተካክላል፤ ቡድኑ መልክ ሲይዝ እርሱ ተመርቆ ይሄዳል። በዚያ ደጋ አገር ዝናቡ ሲበረታ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፤ ፈተና ሲደርስም ልምምዱ ይቋረጣል። ከዚህም የተነሣ ዛሬ የተሸነፈው ልጅ የድካሙን ፍሬ ራሱ ላያየው ይችላል፤ የሚያየው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ታናሹ ነው። ይህን ያላስተዋለ ወጣት «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል» ብሎ ልምምዱን ይተዋል፤ ለሚመጣውም ቡድን የሚያወርሰው ነገር አይኖርም።

የአገራችንን የኳስ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ሽንፈት የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ ይረዳል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በፍጻሜው ጨዋታ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድር በግብፅ እንደ ገና 4 ለ 0፥ በሱዳንም 1 ለ 0 ተሸንፋ አንድ ግብ እንኳ ሳታገባ ተመለሰች። በሁለት ውድድር ሦስት ጨዋታ፥ ሦስት ሽንፈት፥ ዘጠኝ ግብ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ «ኳስ ለእኛ አልተፈጠረም» ብሎ መቅረት ይቻል ነበር። ነገር ግን አልተቀረም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያችው ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ ብታገባም የእኛ ልጆች ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ ሁለተኛዋን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አገባ። በተጨማሪውም ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ 2 አሸነፉ። ከካይሮ ሽንፈት እስከዚህ ድል ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት አይሞላም፤ አንድ ተማሪ በኮሌጅ የሚቆየውን ያህል ነው።

ታሪኩ ሌላም ትምህርት አለው። ያ ድል ለተከታዩ ትውልድ በደንብ ስላልተላለፈ፥ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ቡድናችን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ 31 ዓመት ፈጅቶበታል። ስለዚህ ያሸነፈም የተሸነፈም፥ ያወቀውን ለታናሹ ካላስረከበ ሁለቱም እኩል ናቸው።

ለአዊ ሰው ይህ ምክር እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። ፈረሶች በዓድዋ ጦርነት የዋሉትን ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ80 ዓመት በላይ ጸንቶ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ይኖራል። ማኅበሩ እስከ ዛሬ የቆየው አባት ለልጁ ግልቢያውን እያስተማረ ስላስረከበው ነው። በጉግስ ሜዳ የወደቀ ጐረምሳ አቧራውን አራግፎ እንደ ገና ኮርቻው ላይ ይወጣል እንጂ ስለ ወደቀ ብቻ ፈረሱን አይሸጥም።

«ሽንፈትን ማባበል ስንፍናን ማሳደግ ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም ሽንፈት ይመስገን አላልንም፤ ይመርመር እንጂ። ልምምድ ትቶ የተሸነፈ ይወቀስ፤ ተግቶ የተሸነፈ ግን ይደገፍ። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በየዓመቱ ቡድኑ አንድ መዝገብ ይያዝ፤ ግቡ በስንተኛው ደቂቃ እንደ ገባ፥ ልምምድ የቀረው ማን እንደ ሆነ፥ ጉልበት የከዳው መቼ እንደ ሆነ ይጻፍበት። ተመራቂው ከመሄዱ በፊት አዲስ ገቢውን ያለማምድ፤ መዝገቡንም በእጁ ያስረክበው። ኮሌጆቹም ለልምምድ የማይሻር ሰዓትና ኃላፊ አስተማሪ ይመድቡ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን እኛ ተመልካቾች ራሳችንን እንመርምር። ቡድኑ ሲያሸንፍ ብቻ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው፥ እህሉ ሲደርስ ብቻ ወደ እርሻው እንደሚሄድ ገበሬ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ የተሸነፋችሁበትን ዓመት አትደብቁት፤ ጽፋችሁ ለታናናሾቻችሁ አስረክቡት። እናንተም የከተማው ሰዎች፥ በሚመጣው ጨዋታ ወደ ሜዳ ውጡ፤ «እነዚያ ልጆች» ማለቱንም ትታችሁ ተሸንፈው ሳሉ «ቡድናችን» በሏቸው።